አፌን በዳቦ አብሱ



የሀገራችን ተረት ነጋሪ ያለ አድማጩ ፈቃድ አይጀምርም። «ተረት ተረት» ይልና ዝም ብሎ ይጠብቃል። «የላም በረት» የሚል ድምፅ ካልመጣለት ተረቱ ገና አልተወለደም። ድምፁ ሲመጣ ግን አድማጩ የተረቱ ተካፋይ ሆኗል። ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይሰናበታል። ልብ በሉ፤ አጨብጭቡልኝ አላለም። መልሱልኝ ነው ያለው። በሰው ፊት ቆሞ ስለ መናገር ከዚህች አንዲት ቃል የጠለቀ ትምህርት አላገኘሁም። ጥሩ ገለጻ ማለት አድማጩ ወደ ቤቱ ይዞት ሄዶ ለሌላ ሰው ሊመልሰው የሚችል ገለጻ ነው።

እኔ ቀን ቀን የባንክ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ስንኝ ቋጣሪ ነኝ። በቀኑ ሥራዬ ብዙ ገለጻ ሰምቻለሁ። መብራቱ ይጠፋል፤ ፕሮጀክተሩ ይበራል፤ ግድግዳው በሠንጠረዥ ይሞላል። አቅራቢው ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ እኛ አዙሮ፣ ሁላችንም ልናነበው የምንችለውን ያነብልናል። ሃያኛው ስላይድ ላይ ስንደርስ የሚያዛጋው ያዛጋል፤ ስልኩን በጠረጴዛው ሥር የሚነካካውም ይነካካል። በሻይ ሰዓት «ምን ተባለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ጥሩ ነበር» የሚል እንጂ የተባለውን የሚመልስ አታገኙም። የሚገርመው፣ ያው አቅራቢ ምሳ ላይ ስለ ሰፈሩ ሌባ ሲያወጋን ጉርሻችን በእጃችን እንደ ተያዘ ይቀራል። አንደበት አልጎደለውም። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ጥሎት ገብቶ፣ ሲወጣ መልሶ አነሣው እንጂ።

«አሰልቺ ገለጻ ማንን ገደለ?» የሚል ቢኖር የኮሎምቢያን ነገር አስታውሰዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 መባቻ ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትመነጠቅ፣ ከነዳጅ ታንክ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች ጉዳዩን መርምረው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የስላይዱ ርእስ የሚያረጋጋ ነበር። ክንፉን የመታው ቁራጭ ቀደም ሲል ከተሞከሩት ቁርጥራጮች በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ ግን ከግርጌ፣ በትናንሽ ፊደላት መካከል ተቀብሮ ነበር። መንኮራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ። አደጋውን ስላይዱ አመጣው አልልም። አጣሪው ቦርድ ግን በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ያንን ስላይድ ለይቶ ነቅፎታል። ከመሐንዲሶቹ አንዱ «የሞከርነው በመዳፍ የሚያዝ ነበር፤ የመታን ሻንጣ የሚያህል ነው» ብሎ ገለጻውን ቢከፍት ኖሮ፣ በዚያ አዳራሽ ማን ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር?

በአንጻሩ ስዊድናዊውን ሐኪም ሐንስ ሮስሊንግን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ዓለም የኃይል ፍጆታ ሲናገር የጀመረው በእናቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ሲገባ አያቱ ከፊቱ ተቀምጠው፣ ልብሱ ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ በመደነቅ ሲመለከቱ እንደ ነበር ነገረን። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዓለም ላይ ስንቱ ሰው ዛሬም በእጁ እንደሚያጥብ። በመጨረሻ ከማሽኑ ውስጥ መጻሕፍት አወጣ። ማሽኑ ለእናቱ ያተረፈላቸው ጊዜ ልጃቸውን ቤተ መጻሕፍት ወስደው የሚያነቡበት ጊዜ ሆኗልና። እኔ የኃይል ፍጆታ ሠንጠረዥ በቃሌ አልያዝሁም። የእኒያን አያት መደነቅ ግን ይኸው መለስሁላችሁ።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። «የተበላሹ ብድሮች መጠን ጨምሯል» የሚል ስላይድ ሲነበብ ማንም ቀና አይልም። እንዲህ ተብሎ ቢጀመርስ? «አንድ ባለሱቅ አለ እንበል። አሥራ አንድ ወር ቀን ሳያዛንፍ ከፈለ። በአሥራ ሁለተኛው ወር ቀረ። ምን አገኘው?» አቅራቢው እዚህ ላይ ዝም ይበል፤ ተረት ነጋሪው «የላም በረት»ን እንደሚጠብቅ ይጠብቅ። ከዚያ የሱቁ ደጃፍ መንገድ መቆፈሩን፣ ደንበኛው መራቁን ይንገረን። ቀጥሎም ጥያቄውን ያቅርብ፤ መያዣ ያደረገው ቤት ለሐራጅ ይውጣ ወይስ የመክፈያው ጊዜ ይራዘምለት? በእንዲህ ያለ አዳራሽ የሚወሰነው የሰው ቤት ነው። የሚወስኑትም እያንቀላፉ መሆን የለባቸውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ እውነተኛ ሙግት አለ። «ተረት ለአታላይም ያገለግላል» ይላሉ ጥንቁቅ የሥራ ባልደረቦቼ። እውነት ነው። የአንድ የበለጸገ ተበዳሪ ታሪክ እያጣፈጡ የከሰሩትን ብዙዎች መሸፈን ይቻላል። ስለዚህ እኔ አንድ ሕግ አበጅቻለሁ፤ ከታሪኩ ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር «እንዲህ ያሉት ስንት ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይስጥ። ባለሱቁ የብዙዎች ወኪል ከሆነ ቁጥሩ ይመስክርለት። ብቻውን ከሆነም ብቻውን መሆኑ ይነገር። ወርቅ አንጣሪ ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ስፍራውን ይይዛል። ታሪኩ ሰም ነው፤ ቁጥሩና እውነቱ ወርቅ ናቸው። ወርቅ የሌለው ሰም ሲቀልጥ በእጃችን የሚቀረው ባዶ ቅርጽ ነው። ሰም ያልቀደመው ወርቅም ቅርጽ አይኖረውም።

እናም ነገ በሰው ፊት የምትቆሙ ወዳጆቼ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ስላይዳችሁን ዝጉና ነገሩን ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ አውጉ። ስትጨርሱ «መልሱልኝ» በሉ። ሲመልሱላችሁ የሚጎድለውን አስተውሉ፤ ምናልባት እነርሱ የረሱት ሳይሆን እናንተ ያልነገራችሁት ነው።

ቸር እንሰንብት።