ዝም በልና ብረር

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሮም መድረስ የነበረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 702 ጄኔቭ ላይ አረፈ። ዋና አብራሪው ሽንት ቤት ሲሄድ ረዳቱ በሩን ቆልፎ፣ 200 ያህል መንገደኛ እንደጫነ አውሮፕላኑን ጠልፎት ነበር። ካሳረፈው በኋላ በኮክፒቱ መስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ፣ ጥገኝነትም ጠየቀ።

ያን ሰሞን ግማሻችን "ከሃዲ" አልነው። ሌላው ግማሽ፣ በተለይ ባሕር ማዶ ያለው፣ "ጀግና" እያለ አጨበጨበ። ቤተሰቦቹ የአጎቱ ሞት ክፉኛ እንደጎዳው፣ ሰው እየሸሸ መምጣቱን ሲናገሩ ግን ማን ሰማቸው? ታሞ ከሆነ ለከሃዲም ለጀግናም አይመችማ! የስዊዘርላንድ ዐቃቤ ሕግ ሰውየው ያን ሌሊት አእምሮው ታውኮ ስለነበር በወንጀል አይጠየቅም ሲል፣ የእኛ ፍርድ ቤት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈርዶበት ነበር።

እኔን የሚያበግነኝ የእስራቱ ዓመት አይደለም። ከዚያ ሌሊት ሳምንት ቀደም ብሎ አለቃው ቢሮ ገብቶ "ደህና አይደለሁም" ቢል ምን ይገጥመው ነበር? የፈለጋችሁት አገር አብራሪ ጠይቁ። ሜዲካሉ፣ ማለትም የጤና ብቃት ፈቃዱ፣ ይታገዳል። ያለ ሜዲካል መብረር የለም፣ ካልበረረ ደመወዙ ያሰጋዋል፤ የቤት ኪራዩና የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን ይቀጥላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። ኮክፒት ውስጥ በሽታውን የደበቀ ደመወዙን ያገኛል!

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ከ3,700 በላይ የአሜሪካ አብራሪዎችን ጠይቆ፣ 56 በመቶ ያህሉ ሜዲካላችንን እናጣለን ብለው ሕክምና የሸሹበት ወይም ለሐኪም እውነቱን ያልተናገሩበት ጊዜ እንዳለ አገኘ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን እየወሰዱ በልዩ ፈቃድ መብረር በሚቻልበት አገር እንኳ!

የጀርመኑን አየር መንገድ የጀርመንዊንግስን እልቂት ማን ይረሳል? መጋቢት 2007 ዓ.ም. ረዳት አብራሪው ካፒቴኑን ውጭ ቆልፎ 150 ሰው፣ ራሱን ጨምሮ፣ ከአልፕስ ተራራ ጋር አላተመ። ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ጥብቅና ልቆምለት አይደለም። ግን መርማሪዎች ቤቱ ያገኙት ምን ነበር? የተቀደደ የሕመም ፈቃድ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ሐኪም የአእምሮ ሆስፒታል እንዲገባ መክሮት ነበር፤ አየር መንገዱ ዘንድ የደረሰ ወሬ ግን አልነበረም። ታዲያ የአቪዬሽን ኃላፊዎች ብልሃት ምን ሆነ? ኮክፒት ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑር! አንዱ አብራሪ ሲወጣ ሆስተሷ ትግባና ትጠብቀው! የጀርመን አየር መንገዶች ራሳቸው ሁለት ዓመት አለፍ ሲል ተዉት።

ሆስተሷን ማን ይጠብቃታል? ያን ሥራ ሠርቼዋለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ድርጅት። አንድ ሌሊት ባልደረባዬ እጇ እየተንቀጠቀጠ ትንፋሽ አጠራት። መጋረጃውን ዘግተን ጋሊ፣ ምግብ ማዘጋጃው፣ ውስጥ አስቀመጥናት፣ ውሃ ሰጠናት። ሲኒየራችን ጎንበስ ብላ "ፊትሽን አስተካክዪ፤ ሪፖርት ብጽፍ የምትጎጂው አንቺ ነሽ" አለቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ውለታ መዋሏ ነበር። እውነቷንም ነው! ልጅቷ ተነስታ ሻይ ቀዳች፣ ፈገግ አለች። ሪፖርትም አልተጻፈ፣ ሐኪምም አላያት። መንገደኛ ልቡን ቢያመው ኦክስጅን አለ፣ በድምጽ ማጉያ "ሐኪም አለ ወይ?" ይባላል። ለእኛ የነበረው መጋረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የአውሮፓ ሕግ አብራሪዎች ችግራቸውን ለሥራ ባልደረባ በምስጢር የሚያዋዩበት የድጋፍ ፕሮግራም እንዲኖር ያስገድዳል። ደግ አደረገ፤ ሆስተሷን መዝለሉን ግን ልብ በሉልኝ። ደግሞስ ምስጢሬን አዋይቼ ደመወዜ ከቆመ ምኑን ተደገፍኩት?

እናንተ የአየር መንገድ አለቆች፣ "በራችን ክፍት ነው" የሚል ደብዳቤ አትላኩ። "ታምሜአለሁ" ያለ ሠራተኛ፣ አብራሪም ይሁን ሆስተስ፣ እስኪድን ደመወዙ ሳይጎድል ይከፈለው፣ ሲድን ወንበሩን ያግኝ፣ ይህም በሥራ ውሉ ላይ ይጻፍ። የሠራተኛ ማኅበራትም ስለ አበልና ሆቴል በተከራከራችሁበት ጉሮሮ ስለዚህ ጩኹ፤ አንቀጹ ሳይገባ አትፈርሙ።