‹‹ይበልጣል›› ካለ… ደምር?

ባለፈው ሳምንት እህቴ እራት ጠርታኝ ቤቷ ሄድኩ። እራቱ ግን በነፃ አልነበረም። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ‹‹አጎቴ፣ ሒሳብ አሳየኝ።›› እናቷ ከማድ ቤት ሆና ‹‹ዩኒቨርሲቲ የጨረስከው ለመቼ ነው!›› ብላ አከለችበት። ምን ላድርግ? ሽሮው እስኪንተከተክ ቁጭ አልኩ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ‹‹በአንድ ትምህርት ቤት 1,245 ሴት ተማሪዎች አሉ። ሴቶቹ ከወንዶቹ በ318 ይበልጣሉ። ወንዶቹ ስንት ናቸው?››

ልጅቷ ለማሰብ ጊዜ አላባከነችም። ቁጥሮቹን አንዱን ካንዱ በታች ደረደረች፣ ደመረች፣ 1,563 ብላ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረችበት። ድምሩ አንድም እንከን የለውም። መልሱ ግን ስህተት ነው።

‹‹ለምን ደመርሽ?›› አልኳት።

‹‹‹ይበልጣሉ› ይላላ!›› አለችና የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገለጠችልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት እንዲህ ይላል፦ ቀረ፣ ሸጠ፣ ጠፋ፣ ሰጠ… መቀነስ። ጨመረ፣ አገኘ፣ በጠቅላላ፣ ይበልጣል… መደመር።

ያኔ ገባኝ። ልጅቷ አልሰነፈችም፣ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ጥያቄውን አላነበበችውም፤ እንዳታነብም ነው የተማረችው። ቃል ትፈልጋለች፣ ቃሉን ስታገኝ ምልክቱን ታስቀምጣለች፣ ቁጥሮቹን ትደረድራለች። አለቀ።

ደብተሩን ዘጋሁትና በቃል ጠየቅኳት። ‹‹አንድ ክፍል ውስጥ 5 ሴቶች አሉ። ከወንዶቹ በ2 ይበልጣሉ። ወንዶቹ ስንት ናቸው?››

‹‹ሦስት›› አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

‹‹‹ይበልጣሉ› ብያለሁ እኮ። ለምን አልደመርሽም?››

‹‹እንዴ አጎቴ፣ የሚበዙት እኮ ሴቶቹ ናቸው!›› ብላ በንቀት አየችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ቀስ ብላ ደብተሩን ከፈተች፤ 1,563 የሚለውን አየችና ላጲሷን ፈለገች።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ይኸው ነው። ልጆቻችን በትልልቅ ቁጥር የሚቀነስ የቃላት ፕሮብሌም ሲያቅታቸው ‹‹መቀነስ አይችሉም›› እንላለን። ወይም ‹‹ብድሩ አልገባቸውም››። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋባቸው መቀነሱ ሳይሆን ታሪኩ ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ ታሪኩን ይጋርደዋል። 5 እና 2 ሲሆኑ በዓይነ ሕሊናህ ታያቸዋለህ። 1,245 ልጆችን ግን ማን ያያቸዋል? አራተኛ ክፍል ያለች ልጅ ታሪኩ ሲጋረድባት የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች። እኛ ደግሞ የቃላት ዝርዝር እናስይዛታለን።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ግሬኖብል ከተማ፣ ተመራማሪዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አቀረቡ፦ ‹‹መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ። የመርከቡ ካፒቴን ዕድሜው ስንት ነው?›› ከተጠየቁት 97 ልጆች 76ቱ ቁጥሮቹን አዋህደው ለካፒቴኑ ዕድሜ አወጡለት! አንድ ልጅ መንገድ ላይ ብታገኘውና ስለ በጎች አውርተህ የሰው ዕድሜ ብትጠይቀው ይስቅብሃል። ክፍል ውስጥ ግን አይስቅም። ክፍል ውስጥ ቁጥር ከተሰጠህ አንድ ነገር ታደርግበታለህ፤ ለምን ብሎ መጠየቅ የለም።

አሁን ደግሞ ከክፍል እንውጣ። ሰፈራችሁ ያለው ባለሱቅ ጋ ሂዱና የ137 ብር ዕቃ ገዝታችሁ 200 ብር ስጡት። ወረቀት አያወጣም፤ ‹‹7 ከ0 አይቀነስም፣ ከጎረቤት እበደራለሁ›› አይልም። 3 ብር ያስቀምጥና ‹‹መቶ አርባ››፣ 10 ይጨምርና ‹‹መቶ ሃምሳ››፣ 50 ይደርብና ‹‹ሁለት መቶ። ይኸው!›› መልሱ 63 ብር ነው። ሰውየው እየደመረ ቀነሰ ማለት ነው። የታክሲ ረዳቱም እንደዚያው ነው፤ ያውም በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ።

ይሄንን ነገር በወጉ ያጠኑ አሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. ቴሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ ከተማ ገበያ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን ያጠኑበትን ሥራ አሳተሙ። ልጆቹ ገበያ ውስጥ፣ ዕቃቸውን እየሸጡ፣ ከተጠየቁት ሒሳብ 98 በመቶ ገደማውን በትክክል መለሱ። በኋላ ያንኑ ዓይነት ሒሳብ በቃላት ፕሮብሌም መልክ ሲጠየቁ ወደ 74 በመቶ ወረዱ። ቁጥሩ ብቻውን፣ ያለ ምንም ታሪክ ሲቀርብላቸው ደግሞ 37 በመቶ ገደማ ብቻ! ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አምስት ልጅ ብቻ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይጠቁመናል፤ ታሪኩ የልጁ ጠላት ሳይሆን ረዳቱ ነው። እኛ ጋ ግን የቃላት ፕሮብሌም የሚመጣው ምዕራፉ ሲያልቅ ነው፤ ለጎበዞች የተቀመጠ ቅጣት ይመስል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ መምህር አይደለሁም። ግን የዚያን ምሽት ሦስት ነገር ሞክረን ስለሠራልን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ መቀነስ አንድ ፊት ብቻ እንደሌለው ነገርኳት። እንካችሁ 5,000 እና 1,850ን። ነጋዴው 5,000 ኩንታል እህል ነበረው፣ 1,850 ሸጠ፣ ስንት ቀረው? ይሄ መውሰድ ነው፤ ሁሉም ልጅ ያውቀዋል። አንዱ ትምህርት ቤት 5,000 ተማሪ አለው፣ ሌላው 1,850፤ የመጀመሪያው በስንት ይበልጣል? እዚህ ጋ ማንም ምንም አልወሰደም፣ ማነጻጸር ነው። ብስክሌት 5,000 ብር ነው፣ እኔ ያጠራቀምኩት 1,850 ነው፤ ስንት ልጨምር? ይሄ ደግሞ መሙላት ነው፤ ‹‹ልጨምር›› የሚል ቃል እንኳ አለበት! ሦስቱም መልሳቸው 3,150 ነው። በደብተሯ ዝርዝር ብንሄድ ግን የምናገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከቁጥሩ በፊት ሥዕሉ። ሁለት ረጃጅም ሣጥኖች አንዱን ካንዱ በታች ትስላለህ። የላይኛው የሴቶቹ ነው፣ የታችኛው የወንዶቹ። ሴቶቹ ስለሚበዙ የእነሱ ይረዝማል፤ ተርፎ የወጣው ጫፍ 318 ነው። አሁን የአጭሩን ሣጥን ልክ ለማግኘት ምን እንደሚደረግ ማንም አይነግራትም፤ ታየዋለች። 1,245 ሲቀነስ 318፣ 927። ሲንጋፖሮች ይሄንን የሣጥን ሥዕል ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸው ውስጥ አስገብተውታል። የሚጠይቀው እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ያ የተፈራው ብድር። 3,002 ሲቀነስ 1,467 በሉ። 7 ከ2 አይቀነስም፣ የአስር ቤትን ታንኳኳለህ፤ ባዶ ነው። የመቶ ቤትን ታንኳኳለህ፤ እሱም ባዶ። መጨረሻ ላይ የሺህ ቤት ድረስ ትሄዳለህ። ምስኪን ልጅ በዚህ ሁሉ ደጅ ጥናት መሃል ጥያቄው ስለ ምን እንደነበር ብትረሳ ይፈረድባታል?

እሷን እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት፦ ‹‹በእኔና በአንቺ መሃል ያለው የዕድሜ ልዩነት ከሦስት ዓመት በፊት ስንት ነበር?›› ትንሽ አሰበችና ‹‹ያው ነዋ›› አለች። ያው ከሆነ ከሁለቱም ቁጥሮች ላይ 3፣ 3 እናንሳ። 2,999 ሲቀነስ 1,464። ብድር የለ፣ ደጅ ጥናት የለ። 1,535። ‹‹ማጭበርበር ነው እንዴ?›› አለችኝ። አይደለም። ባለሱቁ መንገድ ብንሄድም እዚያው ነው የምንደርሰው፤ ከ1,467 ወደ 1,500 33፣ ከ1,500 ወደ 3,000 1,500፣ ከዚያ 2። ስንደምረው 1,535።

ብድሩን አትማር እያልኩ አይደለም፤ ትማረው። ግን የታሪኩንና የብድሩን ችግር አንድ ቀን ላይ አንጫንባት። መጀመሪያ ታሪኩን በትንንሽ ቁጥር ትያዘው፣ ከዚያ ያንኑ ታሪክ ትልቅ ቁጥር እናልብሰው።

‹‹አንተ ምን አለብህ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ቆመህ አላስተማርክ›› የሚለኝ መምህር ይኖራል። ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሣጥን እየሳሉ መጽሐፉን መጨረስ ቀልድ አይደለም። የቃላት ዝርዝሩም ከክፋት የመጣ አይደለም። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ይሠራል፤ ጥያቄዎቹ ቀላል ስለሆኑ ‹‹ቀረ›› ያለው ሁሉ እውነትም መቀነስ ነው። መዘዙ ልጁ የማሰቢያ ጊዜው ሲደርስ ማሰብን ረስቶ መገኘቱ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ዝርዝሩ ይከዳዋል። እሱ ግን ዝርዝሩ ከዳኝ አይልም፤ ‹‹እኔ ሒሳብ አይገባኝም›› ይላል። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንቶቻችን ነን እስከ ዛሬ ይዘነው የምንዞረው?

ደግሞ ነገሩ ክፍል ውስጥ አይቀርም። እንበልና አንድ ዕቃ በካሽ 6,500 ብር ነው፤ ‹‹በወር 650 ብቻ፣ ለ12 ወር›› ደግሞ ይሉሃል። ‹‹650 ብቻ›› የሚለውን ቃል ይዞ የሚሮጥ አለ። ‹‹ቆይ፣ 7,800 ሆነ እኮ፤ ከካሹ በስንት ይበልጥብኛል?›› ብሎ የሚጠይቅ አለ። 1,300 ብር ነው የሚበልጠው። ‹‹ይበልጣል›› ብሎ መደመር እዚህ ጋ ዋጋ ያስከፍላል። ቁልፍ ቃል ፈልጎ ምልክት ማስቀመጥ የለመደ ልጅ፣ ሲያድግም ማስታወቂያውን የሚያነበው እንደዚያው ነው።

እራቱ ሊቀርብ ሲል አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ሰጠኋት። አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። የቱ ይፈጥናል? በስንት?

‹‹አበበ! የሱ ይበልጣ…›› አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ‹‹ቆይ ቆይ። ብዙ ደቂቃ የፈጀው ወደ ኋላ የቀረው ነው።›› ከዚያ 11 ሰከንድ ላይ 53 አልቀነስ አላት። ‹‹ከደቂቃ ቤት ልበደር?›› ‹‹ተበደሪ፤ ግን አንድ ደቂቃ ስንት ሰከንድ ይዛ ትመጣለች?›› ‹‹…ስልሳ!›› ሰባ አንድ ሲቀነስ ሃምሳ ሦስት። 18 ሰከንድ። በ59 ዓመት ልዩነት የሮጡ ሁለት ሰዎች፣ በሷ ደብተር ላይ በ18 ሰከንድ ተቀዳደሙ። ‹‹አንድ ላይ ቢሮጡ ኖሮ ከኋላዋ ይታያት ነበር ማለት ነው?›› ብላ ጠየቀችኝ። ይህች ናት እንግዲህ ሒሳብ አይገባትም የተባለችው።

ሽሮው ቀርቦ እጄን ልታጠብ ስነሳ ግን ድምጿን ቀንሳ እንዲህ አለችኝ፦ ‹‹አጎቴ፣ ፈተና ላይ ‹ይበልጣል› ቢመጣና ብቀንስ፣ ቲቸር ኤክስ ቢያደርጉብኝስ?››

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይቼ ‹‹ሣጥኖቹን ሳይና ማን እንደሚበዛ አሳያቸው። ያዩታል›› አልኳት።

ያዩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እናንተም እቤታችሁ ታናሽ እህት፣ ታናሽ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ደብተሩን ከኋላ ገልጣችሁ እዩት። ዝርዝሩን ካገኛችሁት አትቆጡ። ቁጥሩን አሳንሳችሁ ታሪኩን ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።