ጤናችን፦ የዓይን በሽታ በዘር ነው ወይስ በአኗኗር?



አንዲት የሶፊ እናት በገዛ እጃቸው ጽፈው ጥያቄ ልከውልናል። እንዲህ ይላሉ፦

«የባለቤቴ እናት ዓይናቸው ጠፍቷል። የባለቤቴም ዓይን እየደከመ ነው። 20 ዓመት የሞላት ልጃችንን ሊያጩ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ‹ዓይን ማጣት በዘራቸው አለ› ብለው ቀሩ። እውነት በዘር ነው ወይ? ልጄስ ትታወርብኛለች ወይ?»

እናታችን፣ ይህ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። የዓይን በሽታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ከአኗኗር ይመጣል። አንዳንዱ በዘር ይወረሳል። አንዳንዱን ሁለቱም ያመጡታል። ስለዚህ በመጀመሪያ «ዓይናቸው የጠፋው በምን በሽታ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገራችን የዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ነው። ከ100 ዓይነ ስውር 11 ወይም 12 የሚሆኑትን ያሳወራቸው ትራኮማ ነው። 5 ያህሉን ደግሞ ግላኮማ ነው። እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ትራኮማ

ትራኮማን የዓይን ማዝ የምንለው ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ጀርሙ ከታመመው ሰው ወደ ጤነኛው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ዝንብ ዓይናር ይወዳል። ከአንዱ ሕፃን ዓይን ተነሥቶ በሌላው ላይ ያርፋል። ሕፃን የሚያዝሉትና ፊቱን የሚጠርጉት እናቶች ናቸው። ለዚህ ነው በሽታው በሴቶች ላይ የሚበረታው።

ትራኮማ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ በውስጡ ይጠባበሳል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። ኋላ ብርሃን ይጠፋል።

አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ሻሽ ፊታቸውን ይጠርጋሉ። በአንድ መኳያ ኩል ይኳላሉ። ሦስቱም ሲታመሙ ሰው «ዘር ነው» ይላል። የተወራረሱት ግን ዘርን ሳይሆን ሻሹንና መኳያውን ነው።

ምን እናድርግ? የልጆችን ፊት በየቀኑ እንጠብ። ትልልቆቹ ለስግደት ውዱእ ሲያደርጉ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ሕፃናቱ ግን ገና አይሰግዱምና ፊታቸው ሳይታጠብ ይውላል። ውሃ ሩቅ ነው፣ እናውቃለን። ቢሆንም ለአንድ ሕፃን ፊት አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። ሽንት ቤት ቆፍረን እንጠቀም፤ ዝንብ ይቀንሳል። መድኃኒት በዘመቻ ሲሰጥ ቤተሰቡ በሙሉ ይዋጥ። ሽፋሽፍቱ የታጠፈበት ሰው በአጭር ኦፕራሲዮን ይስተካከልለታል። በወረንጦ የተነቀለ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል።

2. የዓይን ሞራ

ይህ ብሌኑን የሚያነጣው ነው። ከሁሉ በላይ የሚያመጣው እርጅና ነው። የሲጋራ ጭስ፣ የበረታ ፀሐይና የስኳር በሽታ ያፋጥኑታል። በኦፕራሲዮን ሞራው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ መስተዋት ይገባል። ብዙ ሰው እንደገና አይቷል። ሕፃን ተወልዶ ብሌኑ ነጭ ከሆነ ግን አንዳንዴ በዘር ሊሆን ይችላል። ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

3. ግላኮማ

ይህኛው በዘር ይሄዳል። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከልክ ያልፋል፤ የማየት ጅማትም ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሰውየው በፊት ለፊት እያየ በጎን በኩል ያለውን ያጣል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ወይም በኦፕራሲዮን ማትረፍ ይቻላል። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት ግላኮማ ካለባቸው የእኛም ዕድል ከሌላው ሰው ይበልጣል። በተለይ ከ40 ዓመት በኋላ በየጊዜው መታየት አለብን። ዘሩ አለ ማለት ግን ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

4. ዳፍንት

ፀሐይ ስትገባ ማየት የሚሳነው ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው ምግብ ነው። ቫይታሚን ኤ ይባላል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ወተትና ጉበት ውስጥ ይገኛል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንችም አለው። ማንጎውን ሁሉ ሐረር ገበያ ወስደን አንሽጥ፤ ለልጆቻችን እናስቀር። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት የቫይታሚኑ እንክብል በየ6 ወሩ ይሰጣል።

በምግብ የማይድን ዳፍንትም አለ። እርሱ በዘር የሚመጣ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች፣ ለምሳሌ የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ፣ ይህን መሰል በሽታ በልጆቻቸው ላይ የመውጣቱ ዕድል ይጨምራል።

እንግዲህ እናታችን፣

አማትዎንና ባለቤትዎን መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳዩ። ከዚያም ሐረር ሄደው ሐኪም ይያቸው። ትራኮማ ከሆነ ልጅዎ በዘር አትወርሰውም። ሞራ ከሆነ አማትዎ እንደገና ሊያዩ ይችላሉ። ግላኮማ ከሆነ ባለቤትዎ ቶሎ ሕክምና ይጀምሩ፤ ወንድሞቻቸው፣ እኅቶቻቸውና ልጆቻቸውም ይመርመሩ። እስከዚያው ድረስ ቅጠል ጨምቆ በዓይን መጨመር ይቅር፤ የቀረውን ብርሃን ያጠፋል።

ለሽማግሌዎቹም ይህን ገጽ ያንብቡላቸው። ሐኪም ያላየውን በሽታ «ዘራቸው ነው» ብሎ ልጅን መተው ፍርድ አይደለም።

እንወያይ

1. በቤታችን ስንት ሰው በአንድ ሻሽ ፊቱን ይጠርጋል?
2. ከሠፈራችን ዓይኑ የደከመ፣ ግን ሐኪም ያላየው ማን ነው? ማን ይዞት ይሂድ?
3. ከወላጆቻችን ወይም ከወንድም እኅቶቻችን ግላኮማ ያለበት አለ? እኛስ መቼ እንመርመር?