የባሌ ደጋ ጓሮና የበረት ፍግ

የባለሙያ እመቤት ቤት ከጓሮዋ ይታወቃል። ዛሬ ልናመለክት የፈለግነው፥ ከገበያ የሚገዛ ማዳበሪያ ሳይጨመርበት ከቤትና ከበረት በሚወጣው ነገር ብቻ ጓሮን ስለ ማልማት ነው፤ ለምሳሌም የባሌን ደጋ መርጠናል።

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል፥ ጎረቤቷ ጎባ ደግሞ ከ2700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላቸው። ዝናሙ በዓመት 2 ጊዜ ይመጣል፤ ስለዚህ ስንዴና ገብስ ከሚታፈስበት ከዚህ አገር ጎመን፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ድንች፥ ካሮትና ቀይ ሥር በጓሮ ይበቅላሉ። ነገር ግን አገሩ ብርዳም ነውና የከብቱ እበት ኩበት እየሆነ ወደ ምድጃ ይገባል። ኩበት ሲነድ፥ ለቅጠል ልምላሜ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን የተባለው ምግብ ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ የሚተርፈው አመዱ ነው። ምድጃው በጠገበ ቁጥር መሬቱ ይራባል።

ይሁን እንጂ እሳት የማያስፈልገው ቤት የለምና ኩበት አይንደድ ብለን አንፈርድም። የምንመክረው ማካፈልን ነው። ንጹሑ እበት ለኩበት ይጠፍጠፍ፤ በበረት ውስጥ ከሽንትና ከገለባ ጋር የተረገጠው ፍግ ግን ለጓሮ ይተው። ይህ ለማገዶ አይመችም፤ ለመሬት ግን ሽንቱን ስለ ጠጣ ከሁሉ ይበልጣል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከጓሮው ጥግ፥ ጥላ ባለበት ስፍራ፥ ከታች ከበልጉ አዝመራ የተረፈ ገለባ፥ በላዩ የአትክልት ልጣጭና እርጥብ ሣር፥ ከዚያም ፍግ፥ በመጨረሻም ጥቂት አፈር እየተደረበ ቁመቱ 1 ሜትር ያህል እስኪሆን ይከመራል። እርጥበቱ ታጥቦ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ በየ3 ሳምንቱም ይገላበጥ። በቆላ ፈጥኖ ይበስላል፤ በደጋ ግን እስከ 6 ወር ሊቆይ ስለሚችል፥ ለመጋቢት ተከላ የሚፈለገው በመስከረም ይጀመር። መብሰሉ የሚታወቀው ጠቁሮ ሲፈረፈርና መጥፎ ሽታው ሲጠፋ ነው። ያልበሰለ ፍግ የተክሉን ሥር ያቃጥላል፤ ጥሬያቸውን ለሚበሉት ለሰላጣና ለካሮት ቢደረግም ተመጋቢውን ሊያሳምም ይችላል።

አመዱም አይጣል፤ በጎመንና በሽንኩርት መደብ ላይ በጥቂቱ ይበተን። በድንች መደብ ላይ ግን አይብዛ፤ የድንቹን ልጣጭ እከክ ያስይዘዋልና። ከእርጥብ ፍግ ጋርም አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያበንነዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር፥ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ ሲወርድ፥ ጎመን ይችለዋል፤ ድንች ግን ይመታል። ስለዚህ ለጋው ተክል ማታ በገለባ ተሸፍኖ ፀሐይ ሲሞቅ ይገለጥ። ድንች ከተነሣበት መደብም ባቄላ ይግባበት፤ ባቄላ አፈርን ያድሳልና።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ ተመካክረው፥ ከበረት በየቀኑ ከሚጠረገው አንድ ቅርጫት ለጓሮ እንዲለዩ እናሳስባለን። ዋጋውን ከገዛ ድስታቸው ያገኙታል።