አግድምና ቁልቁል

የጨንቻ ጉም ከደጅ ሲያስቀረኝ መስቀለኛ ቃላት እፈታለሁ። «ሥራ ፈት!» ይሉኛል። ስድቡን እቀበላለሁ፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን አዘጋጁ ነው።

«አግድም 1፦ የኬንያ ዋና ከተማ። ቁልቁል 4፦ የጃፓን ገንዘብ።» የሚያውቅ ይጽፋል፤ የማያውቅ ስልኩን ይጠይቃል። ታዲያ አእምሮ የቱ ላይ ደከመ?

አርተር ዊን እ.ኤ.አ. በ1913 ይህን ጨዋታ በኒው ዮርክ ጋዜጣ ሲያወጣ 26 ፊደላት በቅተውታል። የእኛ ገበታ ግን ዲቃሎቹን ሳይጨምር 33 በ7፣ 231 ነው። አግድም «ለ» የተባለችው ቁልቁል «ላ» ልትሆን አትችልም፤ ሁለቱ ቃላት በፊደልም በቤትም መገጣጠም አለባቸው። የዶርዜ ሸማኔ ይህን ያውቃል፤ አንድ ማግ ከሳተ ጥለቱ ይበላሻል። አዘጋጁ ግን ሲጨንቀው «ሠ»ን በ«ሰ» ለውጦ ያልፋል!

ይህን ያህል አስቸጋሪ ሽመና የጀመረ ሰው፣ ፍንጩን ከጂኦግራፊ ደብተር መገልበጡ ያሳዝናል። እንቆቅልሽ ያሳደገን፣ ሰምና ወርቅ የወረስን ሕዝብ ነን። ፍንጭ ማለት አንዱን ነገር አሳይቶ ሌላውን መሰወር እንጂ የቃል ፈተና አይደለም።

አዘጋጆች ሆይ፣ ቢያንስ እንዲህ ጠይቁን፦ «ሸማኔ ይወጥረዋል፤ ሸረሪት ታድንበታለች።» ፊደሉ ሁለት ነው። የጨንቻ ልጅ ይህን ለመፍታት ስልክ አያሻውም፤ ዓይኑን ወደ ጎረቤት ማንሣት ብቻ ይበቃዋል።

አንባቢ ሆይ፣ አላወቅኸውም? እንግዲያው አገር ስጠኝ። ጨንቻን ግን አትስጠኝ፤ እርሷማ ቀድሞም የእኔ ናት።