የጥላሁን ቀን መቼ ነው?

አብነት ላይ ያገኛችሁትን ሰው «ጥላሁን ገሠሠ መቼ ሞተ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንድ ነው፤ «ለፋሲካ ነዋ!»

እውነት ነው፣ ለፋሲካ ነው። ግን ፋሲካ እኮ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ጥላሁን በ68 ዓመቱ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ፋሲካ ተመልሶ በዚያው ቀን የዋለው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ነበር። ታዲያ በመሃሉ መቼ እናስበው? ልደቱስ ይሻላል፤ መስከረም 17 ስለሆነ ከመስቀል ጋር አይነጣጠልም።

ቦብ ማርሌይን እንይ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. 60ኛ ዓመት ልደቱ ሲከበር መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። እሱን አልቃወምም፣ እኔም ዘፈኖቹን እወዳለሁ። የሚከነክነኝ ግን በብሔራዊ ክብር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የቀበርነውን የራሳችንን ሰው ከዶሮ ወጥ ጋር ደርበን ማስታወሳችን ነው።

እንደኔ እንደኔ ሚያዝያ 11 ቁርጥ ያለ የጥላሁን ቀን ይሁን። ድግስ አያስፈልገውም። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን የተጫወታቸውን ማሰማት፣ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው ብሎ ስም መጥራት ይበቃል። የእኛ ግቢ ቢጀምረውስ? ድምፅ ማጉያው እንደሆነ አለ።