ዓለሙን የሚያጠብ ማስፋፊያ

ቢሾፍቱ ውስጥ ጌም የሚሸጥም ሆነ ከሃርድ ዲስክ የሚገለብጥ ሰው ዕቃውን የሚያሞግሰው «ዲኤልሲው ሁሉ አለው» ብሎ ነው። ገዢውም ሌላ ነገር ከመጠየቁ በፊት ይህንኑ ይጠይቃል። ዋናው ጌም ከወጣ በኋላ ለብቻው የሚሸጠው ተጨማሪ ይዘት፣ ማለትም ማስፋፊያው፣ ካልተጫነ ጌሙ ጎደሎ ነው ተብሎ ይታመናል። ማፑ ሲሰፋ፣ ሚሽኑ ሲበዛ፣ መሣሪያው ሲጨመር ጌሙ ተሻሻለ ይባላል። በተለይ ተጫዋቹ በሰፊ ዓለም ውስጥ እንደልቡ በሚዘዋወርባቸው፣ ኦፕን ወርልድ በሚባሉት የጀብዱ ጌሞች ላይ ይህን የሚጠራጠር ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እኔ ግን እምነቱ ስህተት ነው እላለሁ። አብዛኛው ማስፋፊያ ኦፕን ወርልድ ጌምን አያሻሽልም፤ ይባስ ብሎ ጌሙ የቆመበትን ነገር ይሸረሽራል።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ መነሻው መመለስ ይጠቅማል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሺጌሩ ሚያሞቶ ያደገው ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ አጠገብ ባለችው ሶኖቤ ነው። ልጅ ሳለ በእግሩ ሲዘዋወር ሳያስበው ሐይቅ ላይ እንደደረሰ፣ ያኔ የተሰማው መደነቅም በ1986 ለወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» መነሻ እንደሆነው ተናግሯል። የቢሾፍቱ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። የእኛ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ከሩቅ አይታዩም። ተራ ሜዳ የሚመስለውን አቋርጠው አፋፉ ላይ ሲደርሱ ነው ባቦጋያ ወይም ሆራ ቁልቁል ድንገት የሚገለጠው። አንድ ሰው አስቀድሞ «እዚያ ጋ ሐይቅ አለ፣ በዚህ ታጠፍ፣ ሁለት መቶ ሜትር ቀርቶሃል» ቢለው ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ያገኘው ግን ልጁ አይደለም። የኦፕን ወርልድ ጌም ደስታ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። የመሬቱ ስፋት ለዚህ ደስታ መንገድ ነው እንጂ ደስታው ራሱ አይደለም።

ይህን ደስታ እንደ ኋለኛው የዜልዳ ጌም፣ እንደ «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ»፣ ጠንቅቆ የተረዳ ጌም አላውቅም። ጌሙ የወጣው ማርች 3 ቀን 2017 ነው። የሠሩት ሰዎች በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ በተካሄደው የጌም አልሚዎች ጉባኤ፣ በሴዴክ፣ ዘዴያቸውን አብራርተዋል፦ ኮረብታና ዓለቱን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይተክሉታል፤ ከኋላው ያለው ይሸፈናል፤ ተጫዋቹ ወይ ይወጣል ወይ ይዞራል፤ በየትኛውም ቢመጣ ተሸፍኖ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ይገለጥለታል። በዚያ ዓለም ውስጥ ኮሮክ የሚባሉ 900 ትናንሽ ፍጥረታት ተደብቀዋል። የትም ቦታ ምልክት የላቸውም። አንድ ድንጋይ ከቦታው ያለ ምክንያት የተቀመጠ መስሎ ሲታይ ጠርጥሮ የሚያነሳ ያገኛቸዋል።

የዚህ ጌም ማስፋፊያ ምን አመጣ? ለሽያጭ እንደሚቀርብ የተነገረው ጌሙ ገበያ ላይ ከመዋሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 14 ነው። ዋጋው 20 ዶላር ሲሆን፣ አንዱ ክፍል በጁን፣ ሌላው በዲሴምበር ወጣ። ካመጣቸው ዕቃዎች አንዱ ኮሮክ ሲቀርብ የሚንቀጠቀጥ ጭምብል ነው። ያንን ጭምብል ያጠለቀ ተጫዋች ድንጋዩን መጠርጠሩን ትቶ የጭምብሉን መንቀጥቀጥ ይጠብቃል። ሌላው ተጫዋቹ በፈለገው ቦታ ምልክት አስቀምጦ በቅጽበት የሚመለስበት ሜዳልያ ነው። መንገዱ ራሱ ጨዋታ በሆነበት ጌም ላይ መንገድ መዝለያ ተሸጠ ማለት ነው። ሦስተኛው በመጨረሻዎቹ 200 ሰዓታት የተረገጠውን መንገድ ሁሉ በካርታው ላይ በመስመር የሚያሳይ ነው። ብዙዎች ይህን ሲያደንቁት ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ዓለምን ወደ ያልተሠራ የቤት ሥራ የሚለውጥ ሆኖ ነው የታየኝ። ካርታው ላይ ባዶ የቀረውን እያዩ ለመሙላት መሄድ ከማሰስ ጋር አንድ አይደለም። የመጨረሻው ሽልማት ደግሞ ሞተር ብስክሌት ነው። የሚሰጠውም ተጫዋቹ ዓለሙን በእግሩና በፈረሱ ካዳረሰ በኋላ፣ የሚሄድበት አዲስ ቦታ ሲያልቅ ነው።

በማስፋፊያው ውስጥ ምንም ጥሩ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። በዋናው ጌም ውስጥ በነበሩት 120 የእንቆቅልሽ ቤቶች ላይ 16 ጨምሯል፤ ብልሃት ያላቸው ናቸው። ጠላቶችን በአንድ ደረጃ አክብዶ ቁስላቸውን መልሶ የሚሽርላቸው የአስቸጋሪነት ምርጫም አለ፤ ሌሎች ጌሞች ግን ይህን የመሰለ ምርጫ ከዋናው ጌም ጋር በነጻ ይሰጣሉ። ጥያቄዬ ጌሙን አሻሻለው ወይ ነው። አላሻሻለውም። የዚያ ጌም ኩራት አለመናገሩ ነበር፤ ማስፋፊያው ተናጋሪ አደረገው።

ይህ የአንድ ድርጅት ስንፍና ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት። ችግሩ ከሽያጩ ጠባይ የሚመጣ ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ይዘት ማግኘት አለበት፤ ካጣው ያማርራል፤ ገንዘቡ እንዲመለስለትም ይጠይቃል። ስለዚህ ለብቻው የተሸጠ ይዘት መደበቅ አይችልም። ጌሙ እንደተከፈተ «አዲስ ነገር አለህ» ይላል፣ ካርታው ላይ ቀስት ይተክላል፣ መልእክተኛ ይልካል። «አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ»ን ያየ ያውቀዋል። በ2020 ሲወጣ ርዝመቱ የብዙዎችን ትዕግሥት የፈተነ ጌም ነበር። በቀጣዩ ዓመት አየርላንድና ፓሪስ፣ በ2022 ደግሞ የድንኮች ምድር ተጨመሩበት። የፓሪሱን የገዛ ሰው ከፍራንኮች አገር የመጡ እንግዶች መንደሩ ድረስ መጥተው ያነጋግሩታል። ሚሽኑን የሚፈልገው ተጫዋቹ መሆኑ ቀርቶ ሚሽኑ ተጫዋቹን ፈልጎ ይመጣል። ነገሩ ሲጀመር ጀምሮ ንግድ መሆኑን የሚያስታውስ ካለ በ2006 «ኦብሊቪየን» ለተባለው ጌም በ2.50 ዶላር የተሸጠውን የፈረስ ጥሩር ያስታውሳል። ያኔ ዓለም ተቆጣ፤ አሁን ግን ለምዶታል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት «ዘ ዊቸር 3»ን ነው። እውነት አላቸው፤ በ2016 የወጣው ማስፋፊያው «ብለድ ኤንድ ዋይን» ድንቅ ሥራ ነው። ግን ድንቅ የሆነው በምን እንደሆነ ልብ ይባል። አሮጌውን ምድር አልነካካም። ቱሳን የሚባል ራሱን የቻለ አገር፣ ከራሱ ብርሃን፣ ከራሱ ታሪክና ከራሱ መጨረሻ ጋር አመጣ። ይህ ሌላ ጥሩ ጌም ነው እንጂ የበፊቱ መሻሻል አይደለም። የበፊቱ ድክመት እንዳለ ነው። በስኬሊገ ባሕር ላይ የተበተኑት የጥያቄ ምልክቶች፣ በጀልባ እየሄዱ አንድ ዓይነት የኮንትሮባንድ ሣጥን የሚለቅሙባቸው፣ ቱሳን ከመጣ በኋላም እዚያው አሉ። ማስፋፊያ ድክመትን ያድናል የሚለውን የሚያፈርሰው ይኸው የሚወደሰው ምሳሌ ነው።

«ሳይበርፐንክ 2077»ም እንዲሁ በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳል። በ2020 ተበላሽቶ የወጣውን ጌም «ፋንተም ሊበርቲ» የተባለው ማስፋፊያ አዳነው ይባላል። ጨዋታውን ከመሠረቱ ያስተካከለው ግን ከማስፋፊያው አምስት ቀን ቀድሞ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2023፣ በነጻ የተለቀቀው ሁለተኛው ትልቅ እድሳት ነው። ጥገናና ማስፋፊያ በአንድ ሳምንት ስለመጡ ምስጋናው ለተሸጠው ሄደ።

«ኤልደን ሪንግ»ን አልዘለውም፤ ክርክሬን የሚፈትን ጌም እሱ ነውና። በጁን 2024 የወጣው ማስፋፊያው፣ «ሻዶው ኦፍ ዘ ኧርድትሪ»፣ በሩን ደብቆታል። ራዳንና ሞግ የሚባሉ ሁለት ከባድ ቦሶችን (አውራ ጠላቶችን) ያልጣለ አይገባም። ከገባ በኋላም በዋናው ጌም ያጠራቀመው ኃይል ብዙም አይረዳውም፤ የሚያበረታውን ቁርጥራጭ በየጥጉ እያሰሰ መልቀም አለበት። ማሰስን መልሶ ዋና ነገር ያደረገ ማስፋፊያ ነው፤ አደንቀዋለሁ። ሆኖም ሽያጩ እዚህም ጫናውን አሳረፈ። የትኞቹ ቦሶች መውደቅ እንዳለባቸው ገዢው እንዳይቸገር አስቀድሞ በአደባባይ ተነገረ፤ ከበደን የሚል ሮሮ ሲበዛም ማስፋፊያው በወጣ በሳምንቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቁርጥራጮች ኃይል ከፍ ተደረገ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ እምነት እዚህ ከሌላው ዓለም የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። የ«ኧርድትሪ» ዋጋ 40 ዶላር ነው። ሲወጣ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ከ2,300 ብር አይበልጥም ነበር። ጁላይ 29 ቀን የምንዛሪው ገበያ ተለቀቀ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ያው 40 ዶላር ከ4,800 ብር በላይ ሆነ። ይህም በባንክ ሒሳብ ነው። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ለኢትዮጵያ የከፈተው መደብር ስለሌለ ልጁ የአሜሪካ ወይም የሌላ አገር አካውንት ይከፍታል፤ ካርዱን ከውጭ ዘመድ ይለምናል ወይም ከሚያሻሽጥ ሰው በራሱ በሰውየው ምንዛሪ ይገዛል። ከዚያ በኋላም ወጥመድ አለ። ማስፋፊያው የሚሠራው ከዲስኩ ክልል ጋር ሲገጥም ነው። ከዱባይ በመጣ ዲስክ ላይ በአሜሪካ አካውንት የተገዛ ማስፋፊያ አይከፈትም፤ ገንዘቡም አይመለስም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። በከተማችን ጌም ቤቶች ዛሬም ብዙ ፕሌይስቴሽን 4 አለ። «ሆራይዘን ፎርቢድን ዌስት» በ2022 ለፕሌይስቴሽን 4ም ለ5ም ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ማስፋፊያው «በርኒንግ ሾርስ» ግን ለ5 ብቻ ነው። «ፋንተም ሊበርቲ»ም፣ ያ ነጻ ትልቅ እድሳት ራሱም፣ 4 ላይ አልደረሱም። ጌሙን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ እስከ መጨረሻው የተጫወተ ልጅ «ታሪኩ ይቀጥላል፤ አንተ ግን አትከተለንም» ተባለ። ልጁም በእጁ ያለው ጌም ጎደሎ እንደሆነ አመነ። በዚህ ነው የምቆጣው። ሙሉ ሆኖ የተሠራ፣ መቶ ሰዓት የሚያስደስት ሥራ በእጁ እያለ ስለሌለው ነገር የሚያዝን ልጅ ማፍራት በደል ነው። በሃርድ ዲስክ የሚዞረው ቅጂ ደግሞ በተቃራኒው ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚጭን ልጁ የጌሙን የመጀመሪያ መልክ ጨርሶ አያየውም። ጨዋታውን ሲጀምር ያልደከመበት መሣሪያ ይሰጠዋል፤ ካርታውም ገና ሳይራመድ በቀስት ተሞልቶ ይጠብቀዋል።

ታዲያ የቀደመውን በእርግጥ ያሻሻለ ማስፋፊያ የለም ወይ? አለ፤ ከሁሉም የማስበልጠው እሱን ነው። «ጂቲኤ 4» በ2008 ሲወጣ ኒኮ ቤሊች የሚባል ስደተኛ ይዞ ሊበርቲ ሲቲ ገባ። በ2009 የወጡት ሁለት ማስፋፊያዎች አንድ መንደር እንኳ አልጨመሩም። ያችኑ ከተማ በሞተረኛው በጆኒ ክሌቢትዝና በምሽት ክበብ ሠራተኛው በሉዊስ ሎፔዝ ዓይን አሳዩን። አንድ የአልማዝ ሽያጭ በሦስቱም ታሪኮች ውስጥ ያልፋል፤ ኒኮ ሳለን ያልገባን ተኩስ ከየት እንደመጣ ሉዊስን ስንሆን እናውቃለን። ከዚያ ወዲያ ዋናውን ጌም ደግሞ የሚከፍት ሰው በፊት ዝም ብሎ ያለፈውን ጥግ ቆም ብሎ ያየዋል። ያ ማሻሻል ነው። የሚያሳዝነው የጌሙ ሠሪ ሮክስታር ራሱ ይህን መንገድ ተወው። በ2013 ለወጣው «ጂቲኤ 5» የታሪክ ማስፋፊያ እንደሚመጣ ተናግሮ ነበር፤ አልመጣም። ጉልበቱ ሁሉ ወደ ኦንላይኑ ሄደ፤ ኔትወርኩ ለሚቆራረጥበት የቢሾፍቱ ልጅ ምንም ሳይተርፍለት ቀረ።

ሻጮችና ጌም ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ዋናውን ጌም ብቻውን ጫኑለት፤ ልጁ እስኪጨርሰው ተዉት፤ ማስፋፊያውን ያኔ ይጠይቃችሁ። እዚህ አገር የራሳቸውን ኦፕን ወርልድ ለመሥራት የሚያልሙ ወጣቶችም ሲያወሩ የሚቀድማቸው የማፑ ስፋት ነው፤ አዲስ አበባን፣ አዳማን፣ ሐዋሳን አንድ ላይ እንጨምር ይላሉ። እኔ የምመክራቸው አንዲት ከተማ ይዘው እንዲጀምሩ ነው። ቢሾፍቱን ይሥሩ፤ መጀመሪያ በባጃጅ ነጂ፣ ቀጥሎ በዓሣ አስጋሪ፣ ከዚያ በአየር ኃይል ግቢ አጥር አጠገብ ባደገች ተማሪ፤ ሦስቱንም በአንድ የኢሬቻ ሰሞን። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ታሪክ ለመጨመር አዲስ መሬት መሣል፣ አዲስ ሕንፃ መገንባት አያስፈልግም። ጥሩ ጸሐፊና የከተማውን ሰው አነጋገር የሚያውቅ ጆሮ ከተገኘ አራትና አምስት ሰው ያለው ቡድን ይችለዋል።